የጌታሰው ምራቂ

«ቀስ በይ ንጋቷ፣ ልጅቷ ጸሎት ላይ ናት!»

እትዬ ሥርጉት ይህን ያሉት በሹክሹክታ ነበር። የእትዬ ሥርጉት ሹክሹክታ ግን አጥር ተሻግሮ ሦስተኛው ቤት ድረስ የሚሰማ ስለሆነ፣ ሳሌም አንድም ቃል አላመለጣትም። ቀና ግን አላለችም። ቀና ካለች የያዘችው ቁጥር ይጠፋባታል።

በጎረቤቲቱም አይፈረድም። የሱፍ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ የደፋች የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? እትዬ ሥርጉት ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆመዋል።

«ሰባት ሲደመር አራት፣ ዐሥራ አንድ» አለች ሳሌም ለራሷ። «ትርፉ ሲቆረጥ፣ ስምንት። ልክ ነው።»

«አሜን» አሉ እትዬ ሥርጉት።

የሳሌም እናት ወይዘሮ ንጋቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ለገበያ የምታወጣውን የሱፍ ኮፍያ እየሠራች ነበር። ሳቋን መያዝ አቃታትና ክሩ ከእጇ አመለጠ።

«ኧረ ይግቡ እትዬ ሥርጉት፣ በሩንም ይዝጉልኝ፤ ብርዱ ገባ እኮ! ጸሎት አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው።»

«ኮምፒውተር?» እትዬ ሥርጉት እጃቸውን ከደረታቸው ላይ አወረዱ። «ታዲያ ጣቷን ምን ያስኬዳታል? እኔ እኮ ለፈተናዋ የምትጸልይ መስሎኝ ከበር ጀምሮ አሜን ስልላት ነበር!»

«አሜንዎን አይውሰዱብኝ እትዬ» አለች ሳሌም፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል። «ሳያስፈልገኝ አይቀርም። የጌታሰውን ኮድ እያየሁ ነው።»

«እንግዲህ የሄደ አሜን አይመለስም» ብለው እትዬ ሥርጉት ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ከጉያቸውም ስልካቸውን አወጡ። «የመጣሁት በዚህ ነበር። ቦታ የለም፣ ቦታ የለም እያለ ነዘነዘኝ። ስትጨርሺ ታዪልኛለሽ።»

ሳሌም ጣቷን የምታስኬደው በመምህር ወልደተንሣኤ ትእዛዝ ነው። መምህር ወልደተንሣኤ የአይሲቲ አስተማሪ ቢሆኑም የቄስ ልጅ ናቸው። ልጅ ሆነው ዳዊት ሲማሩ፣ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው በዚያው መስመር ላይ ጣቱን እያስኬደ ይከተለው ነበር። አንባቢው ቃል ቢዘል ጣት ትይዘዋለች። የትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር ክበብ ሲያቋቁሙ ይህንኑ ልማድ ይዘው መጡ። ማንም የጻፈውን ኮድ ራሱ አያስገባም። ሌላ ልጅ ጣቱን እያስኬደ፣ ድምፁን እያሰማ፣ በቁጥር እየሞከረ ያነበዋል፤ ከዚያ «አይቼዋለሁ፣ ይግባ» ብሎ ያጸድቀዋል። ድምፅ ሳያሰሙ ማንበብ በመምህር ወልደተንሣኤ ዘንድ እንደ ማንበብ አይቆጠርም፤ «ዓይን ብቻውን ሰነፍ ነው» ባይ ናቸው።

ክበቡ ዓመቱን ሙሉ ሲታገል የከረመው ከከርነል ጋር ነው። ከርነል ኮምፒውተር ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ ነቅቶ፣ ለሌሎቹ ፕሮግራሞች «አንተ እዚህ፣ አንቺ እዚያ» እያለ የሜሞሪ ቦታ የሚያድለው ነው። የእነሱ ከርነል ትንሽዬ ናት። ስድስት ፕሮግራም ታስነሣለች፤ የመጨረሻው ፕሮግራም በትልልቅ ፊደል «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ይጽፋል፣ አለቀ። ቢሆንም ከባዶ የጻፏት ራሳቸው ናቸው። ሰኞ ወላጅ ሁሉ በሚጠራበት አውደ ርእይ ላይ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተጥሎ በመጣ አሮጌ ኮምፒውተር ትታያለች። አሮጌውን የመረጡት መምህሩ ናቸው። «በሰፊ ቤት ማንም ይኖራል፤ እስቲ በጠባብ ኑሩ» አሉ። ሜሞሪው እውነትም ጠባብ ነው፤ ስድስቱ ፕሮግራሞች ተለክተው ነው የሚገቡበት።

በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ የጌታሰው የምትባለው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ረዳት ፈንክሽን። «አስጠጋ» ብሎ ሰይሟታል። ጥቂት የኮድ መስመር ናት፣ ግን ሌሎቹ የከርነሏ ክፍሎች ሁሉ ይጠሯታል።

ጌታሰው ሳምንቱን ደብረ ብርሃን አክስቱ ቤት እየከረመ ይማራል፤ የአባቱ የእህል ሱቅ ግን ጫጫ ከተማ ነው። ክበቡ የሚሰበሰበው ቅዳሜ፣ ሱቁ ሰው የሚበዛበትም ቅዳሜ። አባቱ ጋሽ ታደለ ዓመቱን ሙሉ ሲታገሡ ቆይተው በመጨረሻ ቁርጡን ነገሩት፤ «ሰኞ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። አንተ የሠራኸው ነገር ካለ ቅዳሜህ የክበቡ ይሁን። ከሌለ ግን ቅዳሜህ የሱቁ ነው።» ዛሬ ቅዳሜ ቢሆንም አውደ ርእዩ ስለደረሰ ክበቡ አልተሰበሰበም፤ ጌታሰውም ጫጫ ባቄላ እየሰፈረ ነው። ኮዱን ልኮ እሷን ይጠብቃል። እስከ ማታ ካልጸደቀ መምህሩ የራሳቸውን የድሮ ኮድ ያስገባሉ፤ ሰኞም ጋሽ ታደለ ሲመጡ የልጃቸው የሚባል ነገር አያዩም።

ከኮዱ ሥር ጌታሰው እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። ሳሊ፣ ቶሎ በይ አቦ! ጀለስሽ ነኝ!»

ሳሌም እንደ እውነቱ ጠዋት ልታጸድቀው ነበር። ኮዱን የሚፈትሹት ፈተናዎች በሙሉ አረንጓዴ በርተዋል። ጣቷ የማጽደቂያው ቁልፍ ላይ ደርሳ ነው «እስቲ አንዴ ልየው» ያለችው፤ ያውም ከቅንነት ሳይሆን መምህሩ «በየትኛው ቁጥር ሞከርሽው?» ብለው እንደሚያፋጥጧት ስለምታውቅ ነው።

«ምንድን ነው እሱ ጌታሰው የጻፈው?» አሉ እትዬ ሥርጉት። መጠበቅ ሲሰለቻቸው መጠየቅ ይወዳሉ።

«ሚኒባስ ያስቡ እትዬ። አንዱ ወንበር በሕጉ ሦስት ሰው ነው የሚይዘው…»

«አራት።»

«እሺ፣ አራት። እያንዳንዱ ፕሮግራም እንደ አንድ ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ግማሹ እዚህ ወንበር፣ ግማሹ እዚያ ወንበር አይበተንም። የግድ ካልተነካ ወንበር መጀመሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው። የጌታሰው ኮድ እንደ ሚኒባሱ ረዳት ነው፤ ቤተሰቡ የወንበር መሐል ላይ ከደረሰ ‹ወደሚቀጥለው ወንበር ጠጋ በሉ› ይላል።»

«ጠጋ በሉ ማለትማ ለማንም አይከብድም» አሉ እትዬ ሥርጉት።

እውነትም አይከብድም። ጌታሰው ያደረገው እንዲህ ነው፤ በመጣው ቁጥር ላይ አንድ ሙሉ ወንበር፣ ማለትም አራት፣ ይጨምራል፤ ከዚያ ከወንበር የተረፈውን ይቆርጣል። በእውነተኛው ኮድ ቁጥሩ አራት ሺህ ምናምን ነው፣ ሳሌም ግን ጣቷ እንዳይደክም በአራት ትሞክራለች። አምስት ሲደመር አራት ዘጠኝ፤ ሲቆረጥ ስምንት። አዲስ ወንበር፣ ደህና። ስድስትም ስምንት ደረሰ። ሰባትም ደረሰ። አሜን የተባለለት እሱ ነው።

የቀረው ስምንት ራሱ ነበር። ስምንትን መሞከር እንኳ አያስፈልግም፤ ራሱ የወንበር መጀመሪያ ነው፣ የት ይሄዳል? ግን ጣቷ አንዴ ጀምራለች።

«ስምንት ሲደመር አራት፣ ዐሥራ ሁለት። ትርፉ ሲቆረጥ…»

ትርፍ የለም። ዐሥራ ሁለት።

ሳሌም ጣቷን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መለሰችና እንደገና ሄደች። ዐሥራ ሁለት። ቤተሰቡ ያልተነካ ወንበር በር ላይ ቆሞ፣ ረዳቱ «አልፋችሁ ግቡ» አለ። ወንበሩ ባዶውን ቀረ።

«እንዴ!» ብላ ብድግ አለች። ወንበሯ ወደ ኋላ ተገለበጠ፣ የእናቷ የክር ድውር ተንከባልሎ አልጋ ሥር ገባ። «እንዴ፣ እንዴ፣ እንዴ! ባዶ ወንበር ይዘላል!»

«ጀመራት» አሉ እትዬ ሥርጉት ለንጋቷ።

ሳሌም ግን እዚህ የለችም። ወረቀት ጎትታ የአሮጌውን ኮምፒውተር ሜሞሪ እንደ ሚኒባስ ሣለችው፤ ሰባት ወንበር። መምህሩ ቦታ እንዳይባክን ብለው እያንዳንዱን ፕሮግራም ወንበሩን ጢም አድርጎ እንዲሞላ አስለክተውታል። እንግዲህ አንዱ ባለቀበት ሌላው የሚመጣው ሁልጊዜ ወንበር መጀመሪያ ላይ ነው። የጌታሰው ረዳት ደግሞ ሁልጊዜ ያንን ወንበር ያዘልላል። አንድ ባዶ፣ አንድ ሙሉ፤ አንድ ባዶ፣ አንድ ሙሉ። ሦስት ፕሮግራም ገባ። ለአራተኛው ቦታ የለም። አዲሱ የላብራቶሪ ኮምፒውተር ሜሞሪው እንደ ሜዳ ስለሆነ ግማሹ ቢባክን ማንም አያውቅም። አሮጌው ላይ ግን «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው መቼም አይደርስም።

እንዲህ ያለ ደስታ አለ። ሰው የጠፋ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ሲያገኝ የሚሰማው ዓይነት፣ ግን የሚበልጥ። ሳሌም ወረቀቱን ይዛ በጠባቧ ክፍል ሁለቴ ዞረች።

ሦስተኛውን ዙር ልትጀምር ስትል ቆመች።

አሮጌው ላይ አራተኛው ፕሮግራም አይገባም። ጌታሰው ደግሞ «በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» ብሏል።

ወረቀቱን አየች። ወረቀቱ አይዋሽም፤ ቆጥራዋለች። እንግዲህ የዋሸው ሌላ ነው።

ተቀመጠች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ነው የሚቀመጡት። ስለ ፊዚክስ ውጤቱ ለአክስቱ ሲዋሽ ሰምታው ታውቃለች፤ ለእሷ ሲዋሽ ግን ይህ መጀመሪያው ነው። አልተቆጣችም፤ ብቻ ደስታዋ መሐል አንድ ጠጠር የተገኘ መሰላት።

ከዚያ ያቺ ሐሳብ መጣች። የሚስተካከለው በቀላሉ ነው። አራት ከመጨመር አንድ ቀንሶ መጨመር ነው። እሷ እዚሁ ብታስተካክለው፣ ብታጸድቀው፣ ጌታሰው አያውቅ፣ መምህሩ አያውቁ፣ ጋሽ ታደለ አያውቁ። ሰኞ ስድስቱም ይነሣሉ፣ ቅዳሜውም የክበቡ ይሆናል። ስለ ውሸቱም መነጋገር አያስፈልግም። ይህ ሼም የሌለበት መንገድ ነው።

ጣቷ ሳታማክራት ጻፈችው። ቅናሽ አንድ። ሞከረችው፤ ስምንት፣ ስምንት ላይ ቆመ። እንዴት ያምራል!

ከዚያ ሰኞን አሰበችው። ጋሽ ታደለ በዚያ ግዙፍ ካፖርታቸው አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ቆመው «የትኛው ነው ያንተ?» ሲሉ፣ ጌታሰው ሲያሳያቸው፤ «ይሄ ‹ቅናሽ አንድ› ምንድን ነው?» ሲሉ፣ ጌታሰው ዞሮ እሷን ሲያያት።

ቅናሹን አጠፋችው። ስልኳን አነሣች።

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲነሣ መጀመሪያ የመጣው የጣሳ ኳኳታ ነበር፤ ቀጥሎ ባቄላ ከጆንያ ሲንዠቀዠቅ።

«ሳሊ! አጸደቅሽው?»

«ሱቅ ነህ?»

«የት ልሁን ታዲያ! ስልኩን በትከሻዬ ነው የያዝኩት። አጸደቅሽው ወይ?»

ከበስተኋላው ወፍራም ድምፅ ተሰማ፤ የጋሽ ታደለ ነው። «ጌታሰው! መርቅላቸው እንጂ! ምነው እጅህ አጠረ?»

«መረቅኩ እኮ አባዬ!»

«ያ ምራቂ ነው? ጣትህን አራገፍክ እንጂ! ጣሳው ሞላም አልሞላም፣ ከላይ ምራቂ ጨምር ብያለሁ!»

ሳሌም አፏን በእጇ ያዘች።

«ጌታሰው» አለች ቀስ ብላ፣ «ትርፉን ከመቁረጥህ በፊት ያንን አራት የጨመርከው ለምንድን ነው?»

«እንዳይጎድል ነዋ! መጀመሪያ ፕሮግራሞቹ ገና ሳይለኩ ዝም ብዬ ስቆርጠው አንዱ ፕሮግራም ሌላው ላይ እየወጣ አስቸገረኝ። ከዚያ የአባዬ ነገር ትዝ አለኝ። ሞላም አልሞላም መርቅ አይደል የሚለው? መረቅኩለት። ሜሞሪ ምራቂ አይጠላም።»

ሳሌም ሳቋ አመለጣት፤ ያመለጣትም እንዲህ በዋዛ አልነበረም። እትዬ ሥርጉት በግንባራቸው አማተቡ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ጣትህን አስኪድ። ስምንት ቢመጣበት የት ይልከዋል?»

«ሳሊ፣ ደንበኛ ቆሟል፤ እጄ አቧራ ብቻ ነው።»

«በአቧራው አስኪድ።»

የጣሳው ኳኳታ ቆመ። ጌታሰው አቧራው የተኛበት ጠረጴዛ ላይ ጣቱን ሲያስኬድ በዓይነ ኅሊናዋ ታያት።

«ስምንት ሲደመር አራት፣ ዐሥራ ሁለት። ሲቆረጥ… ትርፍ የለውም፣ ዐሥራ ሁለት። ቆይ።»

«እየቆየሁ ነው።»

«ስምንት እኮ ራሱ የወንበር መጀመሪያ ነው! ለምን ይሄዳል? ባዶ ወንበር እያለ… ሳሊ! ምራቂው! ሞልቶ ሳለ መረቅኩበት! ምራቂው ነው!»

«ምራቂው ነው!» አለች ሳሌም፣ እሷም መጮኋ ሳይታወቃት።

«ታዲያ ስንት ልጨምር? አትንገሪኝ! ዝም በይ! ምንም ካልጨመርኩ ሰባት ወደ አራት ይወርዳል፣ ሰው ላይ ይቀመጣል። አራት ከጨመርኩ ይዘላል። ሦስትስ? አምስት ሲደመር ሦስት፣ ስምንት፤ ደህና። ሰባት ሲደመር ሦስት ዐሥር፣ ሲቆረጥ ስምንት። ስምንት ሲደመር ሦስት ዐሥራ አንድ፣ ሲቆረጥ… ሳሊ፣ ቆመ! ስምንት፣ ስምንት ላይ ቆመ! ኧረ እማማ፣ አሁን እሰፍርልዎታለሁ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፣ ቆመ እኮ!»

ሳሌም ከወንበሯ ተነሥታ ሁለት እግሯን አንሥታ ዘለለች። አንድ ነገር ሲገጥም የሚሰማው ድምፅ አለ፤ ጫጫ ላይ አንድ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ጊዜ የተሰማ መሰላት። ወዲያው የላፕቶፑ ማያ ብልጭ አለ፤ ጌታሰው በአቧራማ ጣቱ ከስልኩ ላይ አስተካክሎ ልኮታል። መስመሩን አነበበችው። ልክ ነው፤ እንደ እሷም አይደለም የጻፈው፣ በራሱ መንገድ ነው።

«በቃ፣ አሁን አጽድቂው!» አለ እየተንፈቀፈቀ።

ጠቋሚው ቁልፉ ላይ ነው። ከሥሩ ያቺ ዐረፍተ ነገር አለች።

«ጌታሰው፣ አሮጌው ላይ ሞክሬዋለሁ ብለሃል።»

ሳቁ ቆመ። ከወዲያ አንዲት ሴትዮ ስለ ባቄላ ዋጋ ትከራከራለች።

«ብያለሁ» አለ በመጨረሻ።

«አራተኛው ፕሮግራም ላይ ይቆም ነበር። በወረቀት ቆጥሬዋለሁ።»

«ዓርብ አሮጌው የተቆለፈበትን ቁልፍ ልጠይቅ ብሄድ መምህር ወጥተው ነበር። አዲሱ ላይ ሠራልኝ፣ ያው ነው አልኩ።» ድምፁ አነሰ። «ሰኞ አባዬ ይመጣል ሳሊ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን እኮ ተስተካክሏል። ማንም አያውቅም።»

እሱ የሚለውን እሷም ለራሷ ብላው ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት ሊሆን ይችላል፣ በጣም የራቀ መሰላት። ጠቋሚውን ከቁልፉ ላይ አነሣችና ከሥሩ መጻፍ ጀመረች፤ እየጻፈችም፣ መምህር ወልደተንሣኤ እንዳስለመዷት፣ ድምፅ አውጥታ አነበበችለት።

«‹አይቼዋለሁ፤ ልክ ነው። ዛሬ በአሮጌው ላይ አብረን ካነሣነው በኋላ አጸድቃለሁ። ላብራቶሪው እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው።›»

«ዛሬ? ቅዳሜ እኮ ነው! አባዬ በምን ተአምር ይለቀኛል?»

«ጠይቃቸው።»

«አንቺ ንገሪልኝ። አቦ፣ ሳሊ!»

«እኔ አልነግርልህም። አንተ ጠይቅ። ሚኒባስ እንደሆነ በየደቂቃው ነው።»

ስልኩ አልተዘጋም፤ የጣሳው ድምፅም አልተመለሰም። ሳሌም ማያውን ታያለች። ኮፍያ የምትሠራው እናቷ መርፌዋን አቁማለች፤ እትዬ ሥርጉትም ስልካቸውን ረስተዋል። ከዚያ፣ ማንም ሳይናገር፣ «በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሞክሬዋለሁ» የሚለው መስመር ከማያው ላይ ጠፋ። በቦታው ቀስ እያለ ሌላ መጣ፦ «በአሮጌው ላይ አልሞከርኩትም። ዛሬ እንሞክረዋለን።»

«አባዬ» ሲል ሰማችው፤ ስልኩን ከትከሻው አውርዶታል። «ደብረ ብርሃን ልሂድ? አሁን። የላክሁት ነገር ስሕተት ነበረበት፤ አገኘሁት፣ ግን መሣሪያው ላይ ማየት አለብኝ።»

«አሁን? ይህን ሁሉ ሰው ማን ይስፈርለት?»

የተንሾካሾኩት ነገር አልተሰማትም። ከዚያ ስልኩ እጅ ለወጠ፤ አተነፋፈሱ ሌላ ነበር። ጌታሰው እንዲያው ጉደኛ ነው።

«አቤት» አሉ ጋሽ ታደለ።

ሳሌም ኮፍያዋን ከራሷ አወለቀች፤ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቀውም። «ጋሽ ታደለ፣ እንደምን ዋሉ? ሳሌም ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ይሄ ልጅ ቅዳሜዬን ይዞብኝ ሊሄድ ነው። ምን አጥፍቶ ነው?»

ሳሌም አንድ ጊዜ አሰበች። ስለ መሞከሩና አለመሞከሩ የሚነገር ካለ፣ የሚነግራቸው እሱ ነው። የኮዱን ግን ልትነግራቸው ትችላለች።

«ሞልቶ ሳለ መርቆ ነው።»

«ምን አልሽኝ?»

«ጣሳው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ሌላ ሙሉ ጣሳ ደረበበት። ሲጎድል መሙላት፣ ሲሞላ ማቆም ነበረበት። ያገኘው ራሱ ነው፣ አሁን፣ እዚያው እርስዎ ጠረጴዛ ላይ። ግን መሣሪያው ላይ ካላየነው ሰኞ እርስዎ ፊት ሊቆምብን ይችላል።»

«ሙሉ ጣሳ?»

«አዎ።»

«ለአንዱ ደንበኛ?»

«ለሁሉም። በመጡ ቁጥር።»

ባቄላ ጣሳ ውስጥ ሲንዠቀዠቅ ተሰማ፤ አሁን የሚሰፍሩት ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። እትዬ ሥርጉት ወደ ስልኩ ጆሯቸውን አስጠግተዋል፤ ሳሌምም ወዲያ በሉ አላለቻቸውም።

«ይሂድ» አሉ ጋሽ ታደለ በመጨረሻ። «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን እጁ አጭር መስሎኝ ነበር።»